ጫፉን ያዥልኝ

ለበዓል ልብስ ልትገዙ ከቤተሰባችሁ ጋር ገበያ ወጥታችሁ፣ በየሱቁ በር «ታላቅ ቅናሽ» ተለጥፎ፣ ብሩም በቦርሳችሁ ተይዞ፣ ልብሱም ሞልቶ ተርፎ፣ ለእሱ ብላችሁ የወጣችሁለት ሰው ብቻ ባዶ እጁን ቀርቶ ያውቃል? በእኔ ደርሷል። ነገሩ በሌላ ሰው ቢደርስ አይገርመኝም። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ለበዓል ገበያተኛ ልብስ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው ምን እንደሚፈልግ ከበሩ ሲገባ አውቃለሁ ብዬ የምኮራ ነበርኩ። የገዛ እናቴን ይዤ ስገባ ግን አንድም ነገር አላወቅሁም።

ከመጀመሪያው በቅደም ተከተል ላስረዳ። አስተማሪ ነኝ፤ ያለ ቅደም ተከተል አይሆንልኝም።

አሁን የማስተምረው አይከል ነው፣ አራተኛ ክፍል። አምና መስከረም ላይ እስክመደብ ድረስ ግን ጎንደር ከተማ የሀገር ልብስ ሻጭ ነበርኩ። ቀን እሸጣለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ደመወዙ ለትምህርቴና ለታክሲ ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የሚወራ የለም። ተመርቄ ስወጣ የሱቅ ጓደኞቼ «ተገላገልሽ» አሉኝ። እኔም የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ሳልጨርሰው የወጣሁት አንድ ትምህርት እንደነበረ የገባኝ ዘንድሮ ነው፤ እሱም ገብቶኝ ከሆነ።

የሱቁ ባለቤት እትዬ ዝማም ይባላሉ። መጀመሪያ የቀጠሩኝ ቅዳሜ ገበያ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ነው። ሥራዬ አቧራ ማራገፍ፣ መተኮስና «ግቡ፣ ማየት በነፃ ነው» እያሉ መጣራት ነበር። ቀጥሎ በሰሊጥ ወቅት ቆላ ወዳለችው ሳንጃ ከተማ ይልኩኝ ጀመር። ገበሬው ሰሊጡን ሸጦ ብሩን እንደያዘ ለሚስቱ ልብስ ይገዛል፤ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ሌላ ጣጣ ይመጣበታላ። ሳንጃ ላይ ሙቀቱ አያድርስ ነው። ገዢው ብቻውን ይመጣል፤ የሚስቱን ልክ ስትጠይቁት እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና «እስከዚህ ድረስ ናት» ይላል። ወርዷንስ ስትሉት ያፍራል። «ሸጋ ናት» ብሎኝ ዝም ያለም አለ። በዚያ መለኪያ ልብስ ሰጥቼ ልኬያለሁ፤ አልመለሰውም።

ከዚያ እትዬ ዝማም ፒያሳ መስታወት ያለው ሱቅ ከፈቱና ወደዚያ አዛወሩኝ። ፒያሳ የሚመጣው ቤተሰብ ነው፤ በተለይ ከገና እስከ ጥምቀት። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከአይከል መኪና ተሳፍሮ፣ ሕፃኑን አዝሎ፣ አማቱን ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ከቤተሰብ ጋር የሚመጣ ገበያተኛ ሦስት ነው፦ ለባሽ፣ ከፋይ፣ ፈቃጅ። ለባሽዋ መስታወቱ ፊት ትዞራለች። ከፋዩ የዋጋውን ወረቀት እየገለበጠ ያያል። ፈቃጅ ግን በሩ አጠገብ ቆሞ ወደ መንገዱ የሚመለከተው ነው፤ አንድ ቃል አይናገርም፤ እሱ ራሱን ካልነቀነቀ ሁለቱ ቢስማሙም አይገዙም። ጀማሪ ሻጭ ለለባሽዋ ያወራል። የበሰለ ሻጭ ለፈቃጁ ወንበር ያቀርባል።

ስለ ቅናሽም ላስረዳ፤ ሰው አጭበርባሪ ናቸው ይለናል። የሀገር ልብስ ጨርቁ አያረጅም። የሚያረጀው ጥለቱ ነው፤ በዳሩ ላይ የሚሮጠው ቀለም። አንድ ዓመት ሰው ሁሉ ወፍራም ጥለት ይወዳል፣ በሚቀጥለው ቀጭን። ያኔ የተረፈው ልብስ «ያምናው» ተብሎ ቅናሽ ላይ ይወጣል። ምንም ነውር የለበትም፤ ዘመኑ ብቻ አልፎበታል። ልጃገረድ ያምናውን አትነካም። እናት ግን ዘርፉን ገለጥ አድርጋ ክሩን ታያለች፤ ክሩ ወጣ ገባ ካለ የእጅ ፈትል ነው፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ የፋብሪካ ነው። የእጅ ፈትል ሆኖ ካገኘችው ያምናው ይሁን የካቻምናው ግድ የላትም። የቅናሽ ገበያ ደስታው ይኼ ነው፦ እናቶች ጎበዝ የሚሆኑበት ገበያ ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ አያ ጫኔ ናቸው፤ አስተማሩኝ ከተባለ። አያ ጫኔ የእትዬ ዝማም ነባር ሻጭ፣ የወገራ ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ሁልጊዜ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በበሩ ደፍ ሲሚንቶ ላይ ጥፍራቸውን ይሞርዳሉ። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት የራሴ ጥፍር አንድ ነጠላ ስቦ ክሩን ከመዘዘው በኋላ ነው። ምሳቸውን ከሱቁ ርቀው ይበላሉ፤ ሲመለሱ እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠባሉ። የነጭ ጨርቅ ጠላቱ በርበሬና ቅቤ ነው። እኔ ነገር ሁሉ «ለምን?» ማለት እወዳለሁ። የእሳቸው መልስ ሁሌም አንድ ነበር፦

«እዪ።»

በቃ። አይቼ ካልገባኝስ? «እንደገና እዪ» ይሉኛል።

አንድ ልማድ ግን ነበራቸው፤ ባየውም ባየውም አልገባኝም። እኛ ሁለት ሻጮች ሥራ ፈተን ቆመን ሳለ ገበያተኛ ጠርተው ጨርቅ ያሳጥፋሉ። ነጠላ ዘርግተው አሳይተው ሲያበቁ «እስኪ ጫፉን ያዥልኝ» ይላሉ ለሴትየዋ። ሴትየዋም ትይዝላቸዋለች። በሁለቱ ጫፍ ይዘው ወጠር ያደርጉታል፣ እኩል ያጥፉታል፣ ከዚያ እየተራመዱ ይቀራረቡና እሷ ጫፏን በእጃቸው ላይ ታስረክባለች። ነጠላ ሳይወጠር ከታጠፈ እንደሚጨማደድ አውቃለሁ፤ ሁለት ሰው እንደሚያስፈልገውም አውቃለሁ። ግን ለዚያ እኛ አለን። «አያ፣ እኔ ልያዝልዎት» እላለሁ። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ይሉኛል። ወገባቸውን ስላመማቸው ይሆናል፣ ወይም ሴቶቹን ማጫወት ይወዳሉ ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ውድቀቴ ልምጣ። በዚያ ሥራ ብዙ ስቼ አላውቅም፤ ይኼ አንዱ ግን አልወጣልኝም። ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ ሱቁ ጢም ብሎ ሳለ፣ ከአዲ አርቃይ አንድ ቤተሰብ መጣ። ሁለት ጎልማሳ ወንድማማቾች፣ የታላቁ ሚስትና እናታቸው። እናትየው ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሰዋል። ልጆቹ የሴት ቀሚስ አሳዪን አሉ። አወረድኩ፣ ዘረጋሁ፣ ምራቲቱ ትመርጣለች፣ ወንዶቹ ይጠይቃሉ፤ አይስማሙም። የአያ ጫኔን ትምህርት አስታወስኩ፦ ፈቃጁን ፈልጊ። ፈቃጁ ዝም ያለው ነው። ዝም ያሉት እናትየው ናቸው። የሚጠይቁት ልብስም በቁመቱ የእሳቸው እንደሆነ ገባኝ። ደስ ብሎኝ ሦስት ቀሚስ ክንዴ ላይ ደርድሬ ፊታቸው ቆምኩ።

«እማማ፣ ለእርስዎ ነው አይደል? የቱን ወደዱት?»

ሴትየዋ የተመታ ሰው መሰሉ። «እኔ?» አሉ። «እኔ ደግሞ ምኑን እወዳለሁ?» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ጎትተው ወጡ። ታላቁ ልጅ ወደኔ ዞረና፦

«ምነው እህቴ! ስንት ወር ለምነን፣ ለዓይኔ ሕክምና ነው ብለን አታለን ያመጣናትን!» አለ።

ተከትለዋቸው ሄዱ፤ አልተመለሱም። እትዬ ዝማም «ከአዲ አርቃይ ድረስ መጥቶ ከኔ ሱቅ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም!» ብለው የተናገሩኝን አልደግመውም። አያ ጫኔ ግን ሁሉም ሰው ካለፈ በኋላ መጥተው፦

«ምነው ጠየቅሻት?» አሉኝ።

እኔም አስረዳሁ። ለባሽዋ እሳቸው ስለሆኑ የወደዱትን መጠየቅ ተገቢ መሆኑን፣ ሰው በማይወደው ልብስ ብር ማውጣት እንደሌለበት፣ ምርጫ መስጠት ማክበር እንደሆነ አስረዳሁ። አያ ጫኔ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ከተዘረጉት ነጠላዎች አንዱን አንስተው «ጫፉን ያዥልኝ» አሉኝ። አጠፍን። እኔም አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ በራሳችን ቤት ሐዘን ገባ። አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት ታሞ ዐረፈ። እናቴ አንጓች ጥቁር ለበሰች። ቤታችን አዘዞ ነው። እናቴ በጥምቀት የታወቀች ሴት ነበረች፤ ከሰፈር ሴቶች ቀድማ የምትወጣ፣ ታቦት ሲያልፍ ድምጿ ከሩቅ የሚለይ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ግን በሩን ዘግታ ትቀመጣለች።

በሙት ዓመቱ ዘመድ ተሰብስቦ እንደ ወጉ ቀሚስ ገዝቶ መጣ። እዚህም ላስረዳ፤ ከተማ ያደገ አንባቢ ላያውቀው ይችላል። ሐዘንተኛ ጥቁሩን በገዛ እጇ አታወልቅም። ዘመድና ጎረቤት ይመጣል፣ በታቦት ይገዝታታል፣ አሻፈረኝ ስትል ይዞ ያለብሳታል። ያን ቀን ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ «በሚካኤል ይዤሻለሁ!» ብለው ሲነሡ እኔ መሐል ገባሁ። «አታስገድዷት» አልኩ። «የእሷ ሐዘን ነው። ደስ ሲላት ራሷ ትለብሰዋለች።» ሰው ሁሉ አፈረና ተቀመጠ። እናቴ አየችኝ። ቀሚሱን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፤ እስከዛሬ እዚያው ነው። ጥሩ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ ለገና ዕረፍት ከአይከል ስመጣ እትዬ ስንዱ በር ላይ ያዙኝ። «ስሚኝ፣ እመቤት» አሉኝ። «ይኼ በጥቁር ሦስተኛ ጥምቀቷ ነው። ዘንድሮም ካልወለቀ በዚያው ቀረች። ሰውም ለመደው፣ እሷም ለመደችው። አንቺው እንዳከሸፍሽው አንቺው አብጂው።»

እኔም ዘዴ ዘየድኩ። የበዓል ቅናሽ ወጥቷል፤ እናቴ ቅናሽ ትወዳለች። ለእህቴ ለትዕግሥት ጫማ እንገዛለን ብለን እናወጣታለን፤ እግረ መንገዳችንን ቀሚስ እናሳያታለን። ከስድስት ዓመት ልምዴ ጋር ይኼ ያቅተኛል?

እውነቱን ለመናገር የጠዋቱ ገበያ ደስ የሚል ነበር። ባጃጅ ይዘን ወጣን። ከተማው ነጭ በነጭ ሆኗል፤ ልብስ በየበሩ ተሰቅሎ ነፋስ ያርገበግበዋል። እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው መሐል ወጥታ ፊቷ ሞቅ አለ። ጫማ ሻጩ ጋ ስትደርስማ የድሮዋ አንጓች ሆነች።

«ይኼ ቅናሽ ነው ያልከው?»

«አዎ እናት፣ ይኸው ተጽፏል።»

«ማን ጻፈው?»

«እኛው ነና።»

«የጻፈ እጅ መሰረዝ ያቅተዋል? በል ሰርዝና ቀንስበት።»

«እናት፣ ሱቁን ሊያዘጉኝ ነው!»

«ዝጋዋ! ጥምቀት አይደል? አንተስ ታቦት አትሸኝም?»

ሻጩ እየሳቀ ቀነሰ። ትዕግሥት ጫማውን እዚያው ተጫምታ ወጣች። እየሄድን ሳለ አንድ መስታወት ውስጥ ጥለቱ ብርቱካናማ የሆነ ቀሚስ ቆሟል፤ እንደ አደይ አበባና እንደ እሳት መካከል ያለ ቀለም። እናቴ ቆመች።

«ይቺን ለብሳ ደግሞ የምትወጣ ማን ናት?»

«ሙሽራ ናታ!» አለች ትዕግሥት።

«አይ፣ ሙሽራስ ብትሆን!» አለች እናቴ። ነጠላዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች። እኔ በልቤ «ደማቅ አትወድም» ብዬ ያዝኩ።

አንድ ሱቅ ገባን። የድሮ ሱቄን ሆነ ብዬ ተውኩት፤ በሚያውቁኝ ሰዎች ፊት ትሸማቀቃለች ብዬ። ሻጭዋን «እኔ አሳያታለሁ» አልኳትና ሦስት መረጥኩ፦ ጥለቱ ቡኒ፣ ጥለቱ ግራጫ፣ ጥለቱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ። ከጥቁር ለሚወጣ ሰው ዓይን የማይወጋ። ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

«እማ፣ ተመልከቺ። ሦስቱም የእጅ ፈትል ናቸው። ቡኒው ቆሻሻ ይችላል። ግራጫው ከሁሉም ነጠላ ጋር ይሄዳል። ሰማያዊው ትንሽ ሞቅ ይላል፤ ግን ብዙም አይደለም። የቱ ይሻልሻል?»

«የቱም። ለእናንተ ግዙ።»

«ለእኛማ ገዛን። ያንቺን ነው የምልሽ። የግድ ዛሬ ልበሺው አላልኩም፤ ምረጪ ብቻ።»

«ተዪኝ፣ እመቤት።»

«ከሦስቱ አንዱን ጠቁሚ፤ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ተዪኝ ብያለሁ!»

እናቴ ወጥታ ከደጅ የድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ የጠዋቱ ፊት የለም። ትዕግሥት ክርኔን ያዘችኝ።

«ፈተና ሰጠሻት እኮ! ትክክለኛውን መልስ ምረጪ ልትያት ምን ቀረሽ?»

«እና ምን ላድርግ? ሳልጠይቃት ልግዛላት? ሳጥን ውስጥ ያለው እኮ ሳትጠየቅ የተገዛ ነው!»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ፣ አንቺ ነሽ ሻጭዋ።»

ቆሜ አሰብኩ። ዋጋው? አልጠየቀችም። ልኩ? አልለካችውም። ቀለሙ? ከዚህ የበለጠ የተረጋጋ ቀለም የለም። ሐዘኑ አልወጣላት ይሆን? ታዲያ ጠዋት በጫማ ስትስቅ የነበረችው ማን ናት? እኔን ጠልታኝ ይሆን? አንዱም አልያዝ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ መጣብኝ፦ «ተዪኝ» ስትለኝ የነበረውን ፊት አውቀዋለሁ። የአዲ አርቃይዋ ሴትዮ ፊት ነው። ምን ማለት እንደሆነ ግን ያኔም አላወቅሁም፣ አሁንም አላወቅሁም።

እናቴን ውሃ ጠማት። አያ ጫኔ ያሉበት የድሮ ሱቄ ቅርብ ነው። «ሰላም ብያቸው እንመለስ፤ አንቺም ታርፊያለሽ» አልኳት። ልብስ የሚባል ነገር ድጋሚ ላላነሣ በልቤ ምዬ ነበር።

አያ ጫኔ ጥቂት ጎብጠዋል፤ ጥፍራቸው ግን እንደ ተሞረደ ነው። እናቴን ሲያዩ ተነሥተው ወንበር አቀረቡ።

«ነፍሱን ይማረው፣ እታለም። ሰማሁ ያኔ።»

«አሜን፣ አያ።»

ስለ ልብስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የትውልድ አገሯን ጠየቋት። የዘንድሮ ጤፍ እንዴት እንደሆነ ተጨዋወቱ። ከእናቴ ወገን አንድ የሚያውቁት ቄስ ነበሩ፤ እሳቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ተከራከሩ። እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። ከዚያ አያ ጫኔ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። ከየቀሚሱ ጋር የሚሸጡ ነጠላዎች ተዘርግተው ተከምረዋል፤ ቀሚስና ነጠላ አንድ ጥለት ስላላቸው ነጠላውን ያየ ቀሚሱን አየ ማለት ነው።

«እነዚህ ልጆች ሲያሳዩ ውለው ተራራ አድርገውብኝ ሄዱ» አሉ። «እታለም፣ ካልደከመሽ እስኪ ጫፉን ያዥልኝ።»

እኔ ዘልዬ ተነሣሁ። «አያ፣ እኔ ልያዝልዎት!»

«አንቺ ለእህትሽ ውሃ ቅጂላት» አሉኝ፤ የትዕግሥት እጅ ላይ ሙሉ ብርጭቆ አለ።

እናቴ ተነሣች። ማጠፍ ትወዳለች፤ ሥራ ፈት መቀመጥ አትችልም። የመጀመሪያው ጥለቱ ቡኒ ነው። ወጠሩት፣ አጠፉት፣ ተቀራረቡ፤ እናቴ ጫፏን እንደ ትኩስ ነገር አስረከበች። ግራጫው መጣ፤ እንዲሁ። አረንጓዴው መጣ፤ እንዲሁ። አያ ጫኔ ስለ ቄሱ ያወራሉ። አራተኛው ብርቱካናማ ነበር።

እናቴ ጫፉን ያዘች። ወጠረችው። አውራ ጣቷ በጥለቱ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። አጠፉት፣ ተቀራረቡ። አላስረከበችም።

«ዳሩ አልገጠመም» አለች።

ዳሩ ገጥሟል። ከቆምኩበት አያለሁ፤ እንደ መስመር ነው የገጠመው።

«ዓይኔ ደክሟል፤ እንደገና እንሳበው» አሉ አያ ጫኔ።

እንደገና ዘረጉት። እናቴ ሁለት ክንዷን ዘርግታ ጨርቁን በደረቷ ልክ ይዛ ቆመች። አያ ጫኔ ክንዷ እስከየት እንደደረሰ፣ የጨርቁ ዳር ከየት እንደወረደ አንድ ጊዜ አዩ፤ ስለ ቄሱ ማውራታቸውን ግን አላቋረጡም። አጠፉት። «አሁንም ትንሽ ይቀረዋል» አለች እናቴ። ሦስተኛ አጠፉት። ከዚያ አስረከበች። አያ ጫኔ ያንን ነጠላ ክምሩ ላይ አልደረቡትም፤ ከጠረጴዛው ሥር ከተቱት። ቀጣዩን አነሡ።

ለካ የወገብ ሕመም አልነበረም።

ከሱቁ ስንወጣ እናቴ ቀድማ ወደ ባጃጁ ሄደች። አያ ጫኔ አንድ የተጠቀለለ ነገር በትዕግሥት ጫማ ፌስታል ውስጥ ከተው ከላይ የጫማውን ካርቶን ደፉበት። እኔ ከፈልኩና አንገቴን ደፍቼ ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ግን ራሷ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እኔ ልጇ አይደለሁም?»

አያ ጫኔ «እዪ» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ጥቁር ለብሳ ብርቱካናማውን ስጡኝ ትበልሽ?» አሉ። «ባሏን በዚያ አፍ አልቅሳ?»

ከዚያ ወዲህ ይኼን ነገር ስንት ጊዜ እንዳብላላሁት። ክፍል ውስጥ ልጆቼን «የምትፈልጉትን በግልጽ ተናገሩ፤ አፍ የተሰጠው ለዚህ ነው» እያልኩ አስተምራለሁ። ትክክል ይመስለኛል፤ አሁንም አስተምረዋለሁ። ግን እናቴ ያን ቀን በአፏ አንድም እውነት አልነገረችኝም፤ በአውራ ጣቷ ግን አልዋሸችም። የቱን ይዤ የቱን ልተው? ምርጫ መስጠት ማክበር ነው ያልኩትስ? በሙት ዓመቱ ያስቆምኩት ግዝት እሷን ነፃ አውጥቷት ነበር ወይስ ጥቁሩን ራሷ እንድትሸከመው ጥሎባት? አላውቅም። ለአራተኛ ክፍል ይኼን ጥያቄ ብሰጥ እኔው ራሴ ማረም አልችልም።

የከተራ ዕለት ጠዋት እትዬ ስንዱ ሁለት ሴቶች አስከትለው ገቡ። እናቴ ቤት ትጠርጋለች። አንደኛዋ መጥረጊያውን ተቀበለቻት። እትዬ ስንዱ መሐል ወለል ላይ ቆሙና ወደ እኔ አዩ፤ ዘንድሮም መሐል እንዳልገባ። አልገባሁም። ራሴ ከሳጥኑ ጀርባ የደበቅነውን አወጣሁ።

«አንጓች፣ በሚካኤል ይዤሻለሁ!»

«ተይ! ተይ ስንዱ፣ ባልሽ ይሙት! ምነው! ምነው እናንተ ልጆች፣ ያባታችሁ አፈር ሳይደርቅ!»

ትዕግሥት ጥቁሩን ከኋላ ያዘች። እኔ ብርቱካናማውን ከራሷ በላይ ገለበጥኩ። እናቴ «አይሆንም፣ አይሆንም» ትላለች፤ ቤቱን አንድ አድርጋዋለች፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ክንዶቿ ግን ወደ ላይ ተነሥተዋል። ማንም አላነሣቸውም። እጅጌዎቹን ፈልገው ገቡ። ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ወርዶ ልክ ሆነ፤ አንድ ጣት አልጠበበም፣ አንድ ጣት አልሰፋም። ሴቶቹ እልል አሉ።

እናቴ ወደ ታች ጥለቱን አየች። እንባዋ እየወረደ ነበር። ከዚያ ቀና አለች።

«ማነው ይኼን የመረጠ? ሰው ምን ይለኛል? ማነው ይኼን እሳት የመረጠ?»

አፌን ከፈትኩ። ከመጀመሪያው በቅደም ተከተል ላስረዳት ነበር፦ መስታወቱን፣ ዳሩን፣ ሦስት ጊዜ መታጠፉን። ትዕግሥት በአዲሱ ጫማዋ እግሬን ረገጠችኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማ» አልኩ። «እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

«ድሮስ!» አለች እናቴ። «ድሮስ ከአንቺ ሌላ ማን ያደርገዋል!» እንባዋን በአዲሱ ነጠላ ጫፍ ጠረገች፣ አደግድጋ ከበሩ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ከታች ከመንገዱ፣ ከሴቶቹ ድምፅ ሁሉ በላይ፣ ድምጿን ሰማሁት።

እስኪ እናንተም ሞክሩት። በሚመጣው በዓል ቅናሽ ሲወጣ፣ ቤታችሁ ውስጥ «ለእኔ ምንም አያስፈልገኝም» የሚል ሰው ካለ ይዛችሁት ውጡ። የቱን ትወጃለሽ አትበሉ። ነጠላ ዘርጉና ጫፉን ያዥልኝ በሉ። እጁን እዩ። ኋላ «ማነው የመረጠው?» ሲል ደግሞ ሳታስረዱ «እኔ ነኝ» በሉት።